በዋልካ አፈር ላይ በበሰበሰ ግንድ የሚሠራ ከፍ ያለ የአትክልት መደብ፦ አሠራሩና ጥንቃቄዎቹ

የጓሮ አትክልት ልማት የቤተሰብን ማዕድ በጎመን፣ በቆስጣ፣ በካሮትና በቃሪያ ከማበልጸጉም በላይ ለገበያ የሚወጣውን ወጪ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ግቢያቸው ጥቁር የሸክላ አፈር የሆነባቸው በርካታ ነዋሪዎች በሰኔ የተከሉት ችግኝ በነሐሴ ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ ይመለከታሉ፤ ዝናቡ ከወጣ በኋላም መሬቱ ተሰነጣጥቆ የተረፈውን ተክል ሥር ይበጣጥሳል። ከአንድ ሁለት ዓመት ሙከራ በኋላ ብዙዎች መሬቱን «አያበቅልም» ብለው ይተዉታል።

ችግሩ በአብዛኛው ከዘሩ ወይም ከአልሚው ትጋት ማነስ የሚመጣ አይደለም። የዋልካ አፈር በተፈጥሮው የማምረት አቅም አለው። የሚጎድለው በክረምት አየር፣ በበጋ ደግሞ ለሥር በቀላሉ የሚደርስ ርጥበት ነው። ይህን ጉድለት በአነስተኛ ወጪ ለማቃለል ከሚያስችሉ ዘዴዎች አንዱ በበሰበሱ ግንዶች ላይ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ነው። የዘዴው ምንነት፣ የሚያስፈልጉት ግብአቶች፣ የአሠራሩ ቅደም ተከተልና ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የዋልካ አፈር ባሕርይ

በየአካባቢው ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር የሸክላ አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። በአድአ፣ በበቾ፣ በጊንጪ፣ በእነዋሪና በፎገራ ሜዳ በስፋት ይገኛል። በአዲስ አበባም በቦሌና በአቃቂ አቅጣጫ የሚገኙ ብዙ ግቢዎች በዚሁ አፈር ላይ ያረፉ ናቸው።

የሸክላ ቅንጣት መጠን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በዋልካ አፈር ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ውኃ ሲያገኙ ያብጣሉ፤ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። በክረምት አፈሩ ሲያብጥ አየር የሚተላለፍባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ ዝናቡም ወደ ታች መስረግ ስለሚያቅተው ከላይ ይተኛል። የዕፅዋት ሥር ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚያልቅ ሥሩ መበስበስ ይጀምራል። ከዚህም ጋር በአፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከፊሉ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይባክናል። በነሐሴ ወር የሚታየው የቅጠል ቢጫነት በአብዛኛው የእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ውጤት ነው።

አርሶ አደሮች ይህን ባሕርይ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በማሳ ላይ ፈሰስ ማውጣት የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ደግሞ አፈሩን በእጅ እየከመሩ ሰፋፊ መደቦችን የመሥራትና በመካከላቸው የውኃ መውረጃ የመተው ልማድ አለ። ቢቢኤም በመባል የሚታወቀው በበሬ የሚጎተት የሰፊ መደብ ማውጫ መሣሪያም የሚያገለግለው ለዚሁ ዓላማ ነው፤ ሥሩን ከፍ በማድረግ ትርፍ ውኃውን ዝቅ ባለው መስመር ያወጣል። የግንድ መደብ ይህንኑ መርህ በጓሮ ደረጃ የሚጠቀም ዘዴ ነው።

የግንድ መደብ ምንነትና ጠቀሜታ

የግንድ መደብ በመሬት ላይ በተደረደሩ የበሰበሱ ግንዶች፣ በላያቸው በሚነጠፍ ቅርንጫፍ፣ ገለባና ፍግ፣ ከዚያም በአፈርና በኮምፖስት ድብልቅ ተሸፍኖ የሚሠራ ጉብታ ነው። ጀርመንኛ በሚነገርባቸው የአውሮፓ አገሮች «የጉብታ እርሻ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይታወቃል። ለዋልካ አፈር የሚሰጣቸው ዋና ዋና ጥቅሞች የሚከተሉት ናቸው።

በመጀመሪያ ደረጃ ሥሩ ውኃ ከሚተኛበት ወለል በላይ እንዲያድግ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የበሰበሰ እንጨት እንደ ስፖንጅ ከራሱ ደረቅ ክብደት የሚበልጥ ውኃ ይይዛል፤ በክረምት የጠጣውንም በበጋ ቀስ በቀስ ይለቅቃል። ሦስተኛ፣ በግንዶቹ መካከል የሚቀሩት ክፍተቶች አየር ያስገባሉ። እንጨቱ በፈንገስና በሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ሲፈራርስም ወደ ብስባሽ ተለውጦ ከሥሩ ያለውን ሸክላ ያላላል። የምድር ትሎች ብስባሹን ወደ ታች እያወረዱ በሸክላው ውስጥ መተላለፊያ ይከፍታሉ። በዚህም ምክንያት መደቡ በቆየ ቁጥር ከሥሩ ያለው መሬት እየተሻሻለ ይሄዳል።

ዘዴው የራሱ ገደብ አለው። ጉልበት የሚጠይቅና በየዓመቱ የሚሰጥም መደብ በመሆኑ ለጓሮ እንጂ ለስንዴ ወይም ለጤፍ ማሳ አይሆንም። በመጀመሪያው ዓመት በቂ ፍግ ወይም ኮምፖስት ካልታከለበትም የሚጠበቀውን ምርት አይሰጥም።

ግንዱ አይቀበርም

በሌሎች አገሮች የተዘጋጁ አንዳንድ መመሪያዎች ጉድጓድ ቆፍሮ ግንዱን ከመሬት በታች መቅበርን ይመክራሉ። ይህ አሠራር ውኃ ቶሎ ለሚሰርግበት አሸዋማና ደረቅ መሬት ይስማማል። በዋልካ መሬት ላይ ግን የተቆፈረው ጉድጓድ የአካባቢውን ጎርፍ እየሰበሰበ እንደ ገንዳ ይሞላል። ግንዱም አየር በማያገኝበት ውኃ ውስጥ ስለሚቆይ መበስበሱ ይዘገያል፤ መጥፎ ሽታ ይፈጠራል፤ ወደ ታች የወረደው ሥርም ይሞታል። አልሚው ከውኃ ለመሸሽ የሠራው መደብ መልሶ የውኃ ማጠራቀሚያ ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ በዋልካ አፈር ላይ የሚሠራ መደብ ሁለት ደንቦችን መከተል አለበት። ግንዱ በመሬት ላይ ይደረደራል እንጂ አይቀበርም፤ በመደቡ ዙሪያም ትርፍ ውኃውን ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚወስድ ፈሰስ ይኖራል። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ የቀረው ሥራ የታሰበውን ጥቅም አይሰጥም።

የቦታ መረጣ

የግቢው መሬት ውኃ የመስረግ ችግር እንዳለበት ለማወቅ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ በውኃ ይሞላል፤ ውኃው ከሰረገ በኋላ እንደገና ይሞላና በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መሬቱ ውኃ በዝግታ የሚያሰርግ ስለሆነ ከፍ ያለ መደብ ያስፈልገዋል። መሬቱ በተሰነጣጠቀበት ጊዜ ውኃው በስንጥቁ ውስጥ ስለሚያመልጥ ሙከራው አፈሩ ርጥብ ሳለ ቢደረግ ትክክለኛ ውጤት ይገኛል።

ቦታ ሲመረጥ የሚከተሉትን ማገናዘብ ተገቢ ነው።

• መደቡ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቢሆን ይመረጣል።

• ከቤት ግድግዳና ከአጥር መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ይኖርበታል። የዋልካ አፈር ሲርስ ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅ ስለሚኮማተር በግድግዳ ሥር ያለማቋረጥ የሚርስ መደብ መሠረቱን ሊያሰነጥቅ ይችላል። የሚበሰብስ እንጨትም ምስጥን ወደ ቤቱ ሊያቀርብ ይችላል።

• ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ መስመር መራቅ አለበት።

• የፈሰሱ መውጫ ወደ ጎረቤት ግቢ መከፈት የለበትም። ውኃው ወደ መንገድ ዳር ቦይ ወይም ወደ ሣር ሜዳ እንዲወጣ ማድረግ ጉዳትንና አለመግባባትን ያስቀራል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ግቢ ውስጥ መደብ ለመሥራት ሲታሰብ አስቀድሞ ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

• በጣም ተዳፋት በሆነ ቦታ ላይ የግንድ መደብ መሥራት አይመከርም። ተዳፋቱን በአግድም ዘግቶ የሚሠራ ጉብታ ጎርፍ ይገታል፤ ውኃው ሲበዛም ተንሸራቶ ሊፈርስ ይችላል።

ለመደቡ የሚሆንና የማይሆን እንጨት

በአገራችን እንጨት የብዙ ቤተሰብ ማገዶ ነው። በመሆኑም ለማገዶ የሚሆን ደረቅ ግንድ ከአፈር ሥር ማስገባት ለቤተሰቡ ኪሳራ ነው። ለመደቡ የሚፈለገው በእሳት የማይጠቅመው ነው፦ የረገበ ጉቶ፣ ለረጅም ጊዜ ወድቆ የበሰበሰ ግንድ፣ ከአጥር የተነቀለ የረገበ እንጨት፣ ከዛፍ ገረዛ የተረፈ ቅርንጫፍና ጭራሮ። ለዚህ ሥራ ሲባል ቋሚ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥም በደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የተከለከለ ነው።

ግንዱ በበቂ ሁኔታ መበስበሱ በክብደቱ መቅለል፣ ቅርፊቱ በእጅ በመላጡና ቢላዋ በቀላሉ ስለሚገባበት ይታወቃል። እንደ ብሳናና ሳስፓኒያ ያሉ ለስላሳ እንጨቶች ቶሎ ይበሰብሳሉ። ግራር ጠንካራ በመሆኑ ይዘገያል፤ ሆኖም ከታች ለሚደረደረው ረድፍ ያገለግላል።

የሚከተሉትን መጠቀም አይመከርም።

• ትኩስ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል፦ በውስጡ ያለው ዘይትና ሌሎች ንጥረ ነገሮች የችግኝን ዕድገት ይገታሉ። ከቅርፊቱ ተላጥቆ ለዓመታት በዝናብ የታጠበና የረገበ ከሆነ ብቻ ከሌላ እንጨት ጋር ተቀላቅሎ ከታች ሊደረደር ይችላል።

• የሐበሻ ጥድ፦ መበስበስን በእጅጉ የሚቋቋም በመሆኑ ለመደቡ አይጠቅምም።

• እንደ ኮርች ያሉ ከተቆረጠ ግንድ የሚያቆጠቁጡ ዛፎች እርጥብ ግንድ፦ በመደቡ ውስጥ ሥር ሰድዶ ይበቅላል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀና ከረገበ በኋላ ግን ይሆናል።

• ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ችፑድ፣ ኮምፔርሳቶና በኬሚካል የታከመ የኤሌክትሪክ ወይም የስልክ ምሰሶ፦ መርዛማ ንጥረ ነገር ለምግብነት ወደሚውለው አትክልት ሊያስተላልፍ ይችላል።

• ምስጥ የወረረው እንጨት።

የሥራው ወቅት

ዋልካ አፈር በጣም ሲርስ ይጣበቃል፤ በጣም ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሊሠራ የሚችልባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ከአፈሩ ጥቂት ተጨብጦ ሲለቀቅ በጣት ቢነካ የሚፈረካከስ ከሆነ ለሥራ ደርሷል። የሚጣበቅ ወይም እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ከሆነ መቆየት ያስፈልጋል። ርጥብ ሸክላ ላይ መመላለስና መቆፈር አፈሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

በአብዛኛው የአገሪቱ ማእከላዊ ደጋማ አካባቢ ግንዱን በበጋ መሰብሰብ፣ መደቡን ደግሞ የበልግ ዝናብ አፈሩን ካለዘበ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት መሥራት ይመረጣል። በዚህ መልክ የተሠራ መደብ በክረምቱ ዝናብ ግንዱን ያጠግባል፤ ሥሩንም ከሐምሌና ከነሐሴ ውኃ ያድናል። በዚህ ጊዜ ያልደረሰ አልሚ ክረምቱ እንደወጣ በጥቅምት፣ አፈሩ ጨርሶ ሳይደርቅ መሥራት ይችላል። ይህ ከሆነ ግን ግንዱን በውኃ ማጥገቡ የአልሚው ሥራ ይሆናል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች የቀረበው ልኬት 1.2 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ርዝመት ላለው መደብ ነው። ወርዱ ከ1.2 ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረው አልሚው በሁለቱም ጎን ቆሞ መደቡን ሳይረግጥ እስከ መሐል እንዲደርስ ነው።

1. ምልክት ማድረግ። የመደቡ አራት ማዕዘን በችካልና በገመድ ይለያል። በተዳፋት ቦታ ረጅሙ ጎን ውኃው በሚወርድበት አቅጣጫ ይደረጋል። ብዙ መደብ የሚሠራ ከሆነ በመካከላቸው ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተዋል።

2. ወለሉን ማዘጋጀት። ሣሩና አረሙ ከነሥሩ ይነሣል፤ ሣሩ በኋላ ስለሚያገለግል አይጣልም። ወለሉ በመንሽ ወይም በዶማ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይላላል። ከዚህ በላይ አይቆፈርም።

3. ፈሰስ ማውጣት። በመደቡ የላይኛው ጫፍና በሁለቱ ጎኖች 30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈሰስ ይቆፈራል። ወለሉ በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ወደ መውጫው ይሄዳል። ከዚህ የሚወጣው 0.45 ሜትር ኩብ ገደማ አፈር ለመደቡ ልባስ ይቀመጣል።

4. ግንዱን መደርደር። ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ግንዶች በመደቡ ርዝመት ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ትልልቆቹ ከታች፣ ቀጫጭኖቹ ከላይ ሆነው የግንዱ ከፍታ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። በመካከላቸው ያለው ትልልቅ ክፍተት በጭራሮና በቅርንጫፍ ይሞላል።

5. ውኃ ማጠጣት። ግንዱ ከመሸፈኑ በፊት በደንብ እስኪርስ ድረስ ለሁለትና ለሦስት ቀናት በየዕለቱ ይጠጣል። ደረቅ እንጨት ከተሸፈነ በኋላ በቀላሉ ውኃ ስለማይቀበል ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም።

6. ሣሩን መገልበጥ። ቀድሞ የተነሣው ሣር ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ወደ ታች ሆኖ በግንዱ ላይ ይነጠፋል። ይህም አፈሩ በክፍተቶቹ ውስጥ ቶሎ እንዳይወርድ ያግዛል።

7. ገለባና ፍግ ማንጠፍ። በሣሩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገለባ፣ ቅጠል ወይም የተከተፈ አገዳ፣ በዚያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የበሰለ የከብት ወይም የበግ ፍግ ይነጠፋል፤ ሁሉም በውኃ ይርሳል።

8. አፈሩን ማልበስ። ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ተቀላቅሎ በ25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይለበሳል። ለዚህ መደብ 0.6 ሜትር ኩብ አፈርና 0.3 ሜትር ኩብ ኮምፖስት ያህል ያስፈልጋል። ትልልቅ የሸክላ ጓል አስቀድሞ ይሰበራል። ጎኖቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ ዝናብ ስለሚያፈርሳቸው ቀስ ብለው እንዲያዘቀዝቁ ይደረጋል፤ ወይም በድንጋይ ይደገፋሉ።

9. ጉዝጓዝ ማልበስ። በመጨረሻ 5 ሴንቲ ሜትር ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል። ጉዝጓዙ የዝናብ ጠብታ አፈሩን እንዳይመታና በበጋ እንዳይሰነጣጠቅ ይከላከላል።

ሥራው ሲጠናቀቅ የመደቡ ከፍታ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

የናይትሮጂን እጥረትና መፍትሔው

በግንድ መደብ ላይ በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው ዋነኛ ችግር የናይትሮጂን እጥረት ነው። እንጨት በካርቦን የበለጸገ፣ በናይትሮጂን ግን ድሃ ነው። እንጨቱን የሚያፈራርሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ለራሳቸው አካል ግንባታ ናይትሮጂን ስለሚያስፈልጋቸው ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ለተክሉ የሚቀረውም ያንሳል። ይህ ናይትሮጂን ጨርሶ አይጠፋም፤ ተሕዋስያኑ ሲሞቱ ወደ አፈሩ ይመለሳል። ነገር ግን አልሚው በመጀመሪያው ዓመት የሚፈልገውን ምርት ሊያሳጣው ይችላል።

ትኩስ ግንድ ሳይሆን የበሰበሰ ግንድ እንዲመረጥ፣ በእንጨቱና በአፈሩ መካከልም የፍግ ንጣፍ እንዲገባ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። እንጨቱን በአፈሩ ውስጥ ከትፎ መቀላቀልም አይገባም። የተከተፈ እንጨት ከረቂቅ ተሕዋስያን ጋር የሚገናኝበት ገጽ ሰፊ ስለሆነ ናይትሮጂኑን በፍጥነት ይሻማል።

የእጥረቱ ምልክት ቢጫነት ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ መውጣቱና ተክሉ መቀንጨሩ ነው። ምልክቱ ሲታይ በተክሉ ዙሪያ የበሰለ ኮምፖስት መጨመር ይቻላል። ዩሪያ መጠቀም የሚፈልግ አልሚ በካሬ ሜትር 10 ግራም ያህል፣ ማለትም ለዚህ መደብ 36 ግራም ገደማ፣ ከተክሉ ግንድ አርቆ በርጥብ አፈር ላይ በመበተን ወዲያው በአፈር ሊሸፍነው ይገባል። ይህ መጠን በሄክታር ሲሰላ 100 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ በላይ መጨመር ተክሉን ሊያቃጥል ይችላል።

በየዓመቱ ምን ይተከል?

በመጀመሪያው ዓመት ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው የሚጠቀሙ ሰብሎች፣ ማለትም ባቄላ፣ አተርና ፎሶሊያ ቢቀድሙ ይመረጣል። በመደቡ ጎን ዱባ መትከል ይቻላል፤ ሰፊ ቅጠሉ አፈሩን ከፀሐይና ከዝናብ ይጋርዳል። ባቄላውና አተሩ ሲታጨዱ ግንዳቸው ከመሬት ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም፤ ሥራቸው በአፈሩ ውስጥ ሲበሰብስ የያዘውን ናይትሮጂን ይተዋል።

በሁለተኛው ዓመት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም መትከል ይቻላል። ውኃ የሚወዱት ጎመንና ቆስጣ በጎንና በግርጌ፣ ውኃ የማይወዱት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በመደቡ ጫፍ ላይ ቢተከሉ ሁለቱም የሚስማማቸውን ቦታ ያገኛሉ። ካሮትና ቀይ ሥር ግንዱ ከፈራረሰና አፈሩ ከለዘበ በኋላ፣ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ቢዘሩ ሥራቸው ሳይጣመም ይወፍራል።

ለጤና ጥንቃቄ ሲባል በደንብ ያልበሰለ ፍግ በገባበት መደብ ላይ ሰላጣንና ካሮትን የመሰሉ ጥሬያቸውን የሚበሉ አትክልቶች ከመሰብሰባቸው በፊት ቢያንስ 4 ወር ማለፍ ይኖርበታል።

ተከታታይ እንክብካቤ

መደቡ እንጨቱ እየፈራረሰ ሲሄድ ይሰጥማል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከፍታው በሩብ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ይህ የሥራው ጉድለት አይደለም። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ኮምፖስት በላዩ በመጨመር ከፍታውን መጠበቅ ይቻላል። በድንገት የሚከፈት ቀዳዳ ከታየ አፈር መሙላት ያስፈልጋል።

ፈሰሱ በክረምት በየሳምንቱ ይጠረጋል። ከጠንካራ ዝናብ በኋላ በማግሥቱ ውኃ ተኝቶበት ከተገኘ መውጫው ተዘግቷል ወይም ተዳፋቱ አንሷል ማለት ስለሆነ ወዲያው ይስተካከላል። የሚጠረገው ደለል ወደ መደቡ ይመለሳል።

በመጀመሪያው በጋ መደቡ እንደ ማንኛውም መደብ ውኃ ይፈልጋል። የግንዱ ርጥበት ለሥሩ መድረስ የሚጀምረው እንጨቱ በበቂ ሁኔታ ከረገበ በኋላ ነው። ጣት በአፈሩ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ርጥበት ካገኘ ውኃ ማጠጣት አያስፈልግም።

ምስጥ በሚበዛባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በምዕራብ ወለጋና በቆላማ ቦታዎች፣ ይህን ዘዴ ከመጠቀም በፊት የግብርና ልማት ሠራተኛን ማማከር ይገባል። እንዲህ ባለ ቦታ ግንዱን ትቶ በኮምፖስትና በአፈር ብቻ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይመረጣል። የምግብ ትርፍራፊ በመደቡ ውስጥ ማስገባት አይጥ ስለሚስብ መወገድ አለበት።

በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

አሸዋ መቀላቀል ዋልካን ያላላዋል? ጥቂት አሸዋ በሸክላ ላይ መጨመር አፈሩን ይበልጥ ሊያጠነክረው ይችላል። ለውጥ ለማምጣት የሚያስፈልገው የአሸዋ መጠን እጅግ ብዙ ስለሆነ ለጓሮ አያዋጣም። ሸክላን በዘላቂነት የሚያላላው ኮምፖስትና ሌላ የሚበሰብስ ነገር ነው።

የበሰበሰ ግንድ ያላገኘ ምን ያድርግ? የበቆሎና የማሽላ አገዳ፣ ጭራሮና ገለባ በግንድ ምትክ ማገልገል ይችላሉ። በአንድ በሁለት ዓመት ፈራርሰው ስለሚያልቁ ግን መደቡ ቶሎ ይሰጥማል። ይህም ካልተገኘ በፈሰስ የተከበበና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአፈርና የኮምፖስት መደብ ብቻውን ትልቁን ችግር፣ ማለትም የክረምቱን ውኃ ያቃልላል።

ማንጎ፣ አቮካዶ ወይም ሌላ ፍራፍሬ በመደቡ ላይ ይተከላል? አይመከርም። መደቡ ሲሰጥም የዛፉ ሥር ይጋለጣል፤ ዛፉም ይዘምማል።

መደቡ ስንት ዓመት ያገለግላል? እንደ እንጨቱ ዓይነትና ውፍረት እንዲሁም እንደ አካባቢው ሙቀት ይለያያል። በቆላ መበስበሱ ይፈጥናል፤ በደጋ ይዘገያል። ግንዱ ሙሉ በሙሉ ሲፈራርስ መደቡ አያበቃም፤ የለዘበ ጥቁር አፈር ሆኖ በየዓመቱ በሚጨመር ኮምፖስት ይቀጥላል።

ምክርና ድጋፍ ለማግኘት

በገጠር የሚኖሩ አልሚዎች በየቀበሌያቸው ያለውን የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከልን ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ። በከተማ የሚኖሩ ደግሞ በወረዳቸው የከተማ ግብርና ሥራን ለሚመራው ጽሕፈት ቤት ጥያቄያቸውን ማቅረብ ይችላሉ። የሚቀርበው ጥያቄ የግቢውን ስፋት፣ ከላይ የተገለጸውን የውኃ መስረግ ሙከራ ውጤትና በአካባቢው የሚገኘውን የእንጨት ዓይነት ቢያካትት ባለሙያው ለቦታው የሚስማማ ምክር ለመስጠት ይቀልለዋል።

አንድ ቤተሰብ ይህን ዘዴ ለመሞከር ሲያስብ በአንድ መደብ እንዲጀምር ይመከራል። በአንዱ መደብ ላይ ውኃው የሚወጣበት አቅጣጫ፣ የሚገኘው እንጨት የመበስበስ ፍጥነትና ለግቢው የሚስማማው ሰብል በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ውስጥ ተለይቶ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት መደቦች በዚህ ልምድ ላይ ተመሥርተው ስለሚሠሩ ጉልበቱም ግብአቱም አይባክንም።